ዝግባው ከወንፈል የቀረ ጊዜ

ተረት ልንገራችሁ። ዝቅ ብላችሁ ስሙኝ፤ ተረቴ ያለው ከመሬት በታች ነው።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ በጣም ድሮ አይደለም። መኪና ከወንዙ ማዶ ከመጣ በኋላ ያለው ድሮ ነው። ያን ጊዜ ዛፍ ይናገር ነበር፤ ነፋስም ይዋሽ ነበር።

በአንድ ተራራ ትከሻ ላይ ደን ነበረ። በደኑ መካከል አንድ ዝግባ ነበረ። ለዝግባ ገና ጎልማሳ ነው። አንድ ጠዋት ወደ እግሩ ዝቅ ብሎ ሲያይ አንዲት ቡቃያ በቅላለች። ሁለት ቅጠል አላት። በአንደኛው ቅጠሏ ላይ ጤዛ ይዛ ቆማለች።

ዝግባው ስሟን ጤዛ አላት።

ከላይ ቅርንጫፉ ላይ እመት ጉሬዛ ተቀምጣ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችህ» አለችው።

«እኔ ምን ወለድኩ? አንቺ ነሽ ፍሬዬን በልተሽ የጣልሻት።»

«እንግዲያው እኔን እንኳን ማርያም ማረችሽ በለኝ።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ገንፎውስ?»

ዝግባው ሳቀ። ሲስቅ ቅጠሉ ረገፈ። የረገፈው ቅጠል ጤዛን ሸፈናት፤ ነፋስ መጥቶ እስኪገልጥላት ድረስ ዝግባው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝግባው ሲስቅ ተጠንቅቆ ነው።

ከመሬት በታች ደግሞ እመት ፈትል ትኖር ነበር። ከጸጉር የቀጠነች፣ እንደ ጥጥ የነጣች ክር ናት። ራሷ የት እንደሆነ፣ እግሯ የት እንደሆነ አይታወቅም። ከዝግባው ሥር ትነሳለች፣ ወይራው ሥር ትደርሳለች። ከወይራው ሥር ትነሳለች፣ ብሳናው ሥር ትደርሳለች። ዘመዶቿ ክረምት ክረምት እንጉዳይ ሆነው ብቅ ይላሉ፤ ሰማዩን አይተው ይመለሳሉ። እሷ ግን ወጥታ አታውቅም። ሰማይ ምን እንደሚመስል ብትጠይቋት «እርጥብ ነው» ትላለች።

ከመሬት በታች ያለው ኑሮ ወንፈል ነው። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ዝግባው ቅጠሉ ከፀሐይ የሚያበጀውን ማር በሥሩ ያወርዳል። እመት ፈትል የዝግባው ሥር በማይገባበት ስንጥቅ ገብታ ውሃ ታመጣለች፣ የድንጋይ ጨው ታመጣለች። አያ ፍልፈል አፈር ይገለብጣል። ለዓይን የማይታዩት ጥቃቅኖች የወደቀውን ቅጠል ይፈጫሉ። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ።

ደንቡ አንድ ነው። ከወንፈል የቀረ አይወቀስም። አይጠራም ብቻ።

ጤዛ ግን ያለችው ጥላ ውስጥ ነው። በቀን አንዴ በአባቷ ቅጠሎች መካከል መዳፍ የምታህል ብርሃን ሾልካ ትመጣለች፤ ትንሽ ታርፍባትና ትሄዳለች። በዚያች ብርሃን የሚበጅ ማር ለወንፈል አይበቃም። ሥሯም ከጣት አይረዝምም። ስለዚህ የእሷን ድርሻ አባቷ ይሰጥላታል። የእሷን ውሃ እመት ፈትል ታጠጣታለች።

«ሦስት በጋ ትለፍ» አለች እመት ፈትል። «ሦስት በጋ ካለፈች ሥሯ ከውሃው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ራሷን ትችላለች።»

«ሦስት በጋ ምን አላት» አለ ዝግባው።

ክረምት ገባ። አያ ነፋሶ ከወንዙ ማዶ እያለከለከ መጣ። በጀርባው ብዙ ነገር ተሸክሟል። ከከተማው ጭስ አለ። ከመኪናው ጅራት የወጣ አለ። ማዳበሪያ ከጠገበ ማሳ የተነነ አለ፤ ከከብት ማድለቢያው በረት የተነሳ ሽታ አለ።

«ጀርባዬ ተቆረጠ» አለ ለራሱ። «የት ላራግፈው?»

ወዲያና ወዲህ አየ። ዝግባውን አየ። ድምፁን አሳመረ።

«አያ ዝግባ፣ እንደምን ከርመሃል? ስጦታ አምጥቼልሃለሁ።»

«ከማን የተላከ?»

«ከእኔ ከራሴ። በዝናብ በጥብጬ አወርድልሃለሁ። ቅጠል የሚያፈካ፣ ግንድ የሚያወፍር ነገር ነው።»

«በምላሹ ምን ልስጥ?»

«ምንም።»

«ምን ልሥራ?»

«ምንም። ቁም። መቆም ታውቅበት የለ?»

ዝናቡ ወረደ። ዝግባው ጠጣ። እውነትም ቅጠሉ ፈካ። ቀና ብሎ ሰማይ አየ፣ ዝቅ ብሎ ጤዛን አየ። ወፈር ብል፣ ረዘም ብል ለእሷ ነው፤ አባት ትልቅ ከሆነ ልጅ ምን ይጎድላታል? እንዲህ ብሎ አሰበ።

እመት ፈትል ከሥር መጣች።

«አያ ዝግባ፣ የወንፈሉ ቀን ነው። ማርህን አውርድ።»

«ዘንድሮ ግማሹን ልስጥሽ። ማሩን ለግንዴ ፈልጌዋለሁ። ጨውሽንም ብዙ አልሻውም፤ ከላይ እየመጣልኝ ነው።»

እመት ፈትል ዝናቡን ቀመሰችው።

«ይኮመጥጣል» አለች።

«አንቺን ምን የማይኮመጥጥሽ አለ?»

አልተጣሉም። ግማሹን ማር ተቀብላ ሄደች። ግማሽ ሰውነቷም ከሳ።

በጋው ገባ።

«አባዬ፣ ጠማኝ» አለች ጤዛ።

እመት ፈትል መጣች፣ አጠጣቻት። አንድ በጋ አለፈ።

ሁለተኛው ክረምት ገባ። አያ ነፋሶ እየሮጠ መጣ። አሁን መንገዱን ለምዶታል።

«አያ ዝግባ፣ ያለፈው እንዴት ነበር?»

«ደግ ነበር።»

«የዘንድሮው ይበልጣል።»

ዝናቡ ወረደ። ዝግባው ጠጣ። በዚህ ጊዜ ብቻውን አልጠጣም። አፈሩ ውስጥ ድብልብሎቹ መጡ። ድብልብሎቹ ከጥቃቅኖቹ ወገን ናቸው፤ ፈጣን፣ ሆዳም፣ ተጫዋች ናቸው። ድሮም ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ምግባቸው ጥቂት ስለነበረ ቁጥራቸውም ጥቂት ነበረ። ከዝናቡ ጋር የመጣውን ሲያገኙ አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት ሆነ፣ አፈሩ በጫጫታ ሞላ። ለስላሳውን ይበላሉ፣ ጠንካራውን ቅጠል ይተዉታል። ጠንካራውን ይፈጩ የነበሩት ዝምተኞች ቦታ አጡና ተሰደዱ። የረገፈው ቅጠል ሳይበሰብስ በቅጠል ላይ ተደራረበ።

እመት ፈትል በመካከላቸው ስታልፍ ድብልብሎቹ አሾፉባት።

«እመት ፈትል፣ ዕድሜሽን ሙሉ ፈትል ነሽ። መቼ ነው ሸማ የምትሆኚው?»

«ለማን ልሁን? እናንተ ትከሻ የላችሁ» አለችና አለፈች።

ዝግባው ሥር ደረሰች።

«አያ ዝግባ፣ የወንፈሉ ቀን ነው።»

ዝግባው ጠብ አደረገላት። አንድ ጠብታ።

«አያ ዝግባ፣ ይህማ ለመንገዴም አይበቃኝ።»

«ምን ላድርግ እመት ፈትል? እያደግሁ ነው። ታያለሽ አይደል?»

«እኔ አላይም» አለች። «እዳስሳለሁ። ስዳስስህ አፈርህ ኮምጥጧል፤ ሥርህ አጥሯል።»

እውነቷን ነበር። ምግብ በአፉ ሲወርድለት ሥሩን ማርዘም ትቶ ነበር። ወደ ላይ ግን አድጓል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል።

«አባዬ፣ ያቺ ብርሃኔ የታለች?» አለች ጤዛ።

«የትኛዋ?»

«በቀን አንዴ የምትመጣው። መዳፍ የምታህለው።»

ዝግባው ፈለጋት። አጣት።

«ትመጣለች» አላት። «እኔ ከላይ ነኝ። እያደግሁ ያለሁት ላንቺ ነው።»

በጋው ገባ።

«አባዬ፣ ጠማኝ።»

እመት ፈትል ዘገየች። ብዙ ዘገየች። አንድ ቅጠል ከጤዛ ጫፍ ላይ ከደረቀ በኋላ፣ ትንሽ ውሃ በትንሽ ክር ጎትታ ደረሰች። ጤዛ ጠጣች። ሁለት በጋ አለፈ።

«አንድ ቀራት» አለ ዝግባው። «አንድ በጋ ምን አላት።»

ሦስተኛው ክረምት ገባ። አያ ነፋሶ ሰላምታም አልሰጠ። መጣ፣ አራገፈ፣ ሄደ። ዝናቡ ወረደ። ዝግባው ጠጣ። እመት ፈትል ከሩቅ ተጣራች።

«አያ ዝግባ፣ የወንፈሉ ቀን ነው።»

ዝግባው ዝም አለ። ሰምቷል፤ ግን ዝም አለ። ሁለት ዓመት ድርሻውን ሲያጎድል ቆይቶ አሁን ቢመጣ ያፍራል።

እሷም ደግማ አልጠራችም። ደንቡ ነው። ከወንፈል የቀረ አይወቀስም። በዝግባው ሥር ዙሪያ የነበረው ነጭ ክር አንድ በአንድ ተበጠሰ። እመት ፈትል ጓዟን ጠቅልላ ወደ አባ ወይራ ሥር ገባች። አባ ወይራ ጠማማ ሽማግሌ ነው፤ የነፋሱ ዝናብ በእሱም ላይ ወርዷል። ግን ማሩን ማውረድ አልተወም።

«ለምን አልተውክም?» ብላ ጠየቀችው።

«ልማድ ነው» አለ። «ደግሞ እኔ እርጅና ይዞኛል፤ መወፈር ለማን እታይ ብዬ?»

ከዚያ በጋው ገባ። በጋ ብዬ አልፈዋለሁ እንጂ፣ ያን በጋ የሚያህል በጋ አልነበረም። ምንጩ ደረቀ። ደመና እንደ ሕልም ይመጣል፣ እንደ ሕልም ይሄዳል። ወፎች ሳይዘምሩ ያርፋሉ። እመት ጉሬዛ እንኳ ቅርንጫፍ ስትለውጥ ድምፅ አታሰማም።

«አባዬ፣ ጠማኝ።»

ዝግባው ድብልብሎቹን ጠራ።

«እናንተ ሆዳሞች፣ ለልጄ ውሃ አምጡ።»

«ውሃ ማምጣት አናውቅም» አሉ። «እኛ ሲኖር እንበላለን፣ ሳይኖር እንተኛለን።» ይህን ብለው ተኙ። ጫጫታው በአንድ ጊዜ ጠፋ።

«አባዬ፣ ጠማኝ።»

ዝግባው አያ ነፋሶን ጠራ።

«አንተ ስጦታ አምጪ ነህ። ውሃ አምጣልኝ።»

«እኔ የማመጣው የያዝኩትን ነው» አለ አያ ነፋሶ። «አሁን የያዝኩት አቧራ ነው። ልስጥህ?»

«አባዬ፣ ጠማኝ።»

ዝግባው ራሱ ሥሩን ዘረጋ። ሥሩ አጭር ነው። ያገኛትን እርጥበት ለጤዛ ሳትደርስ ትልቁ ግንዱና ብዙው ቅጠሉ ጨረሷት። ያን ጊዜ አያ ፍልፈልን ጠራ።

«አያ ፍልፈል፣ ወደ እመት ፈትል ሂድልኝ።»

«ምን ልበላት?»

ዝግባው አሰበ።

«ጤዛ ጠማት በላት።»

አያ ፍልፈል እየቆፈረ ሄደ። ዓይኑ ብዙም አያይ፤ መንገዱን ግን ያውቀዋል። እመት ፈትል ሰማችው። ስለ ማር አልጠየቀችም። ከአባ ወይራ ሥር ውሃ ያዘችና መንገድ ጀመረች። መንገዱ ያው የድሮ መንገዷ ነው፤ አሁን ግን ኮምጥጧል፣ ደርቋል። ትዘረጋለች፣ ትበጠሳለች። ትቀጥላለች፣ ትበጠሳለች። ደግማ ትቀጥላለች።

ከላይ አባትና ልጅ ይጠብቃሉ።

«አባዬ፣ ውሃ እንዴት ነበር?» አለች ጤዛ።

«ውሃ?» አለ ዝግባው። «ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከሩቅ ነው የሚመጣው። ድንጋይ ሥር ሲያልፍ ጨለማ ነው። ሲወጣ ግን ሰማዩን ይዞ ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በቅጠልሽ ላይ ይቀመጣል። አንቺ የተወለድሽ ቀን አንድ ጠብታ ተቀምጦብሽ ነበር። ደኑ ሁሉ በውስጡ ይታይ ነበር። ተዘቅዝቆ።»

«አንተም ትታይ ነበር?»

«እኔም ተዘቅዝቄ።»

«ያምር ነበር?»

«በጣም።»

«ከዚያስ?»

ዝግባው ነገራት። ወንዝ ነገራት፣ ጭጋግ ነገራት፣ ጠዋት ነገራት። ጤዛ «ከዚያስ?» ትላለች፤ እሱ ይነግራታል። ድምፁ ዝቅ እያለ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ይነግራታል። «ከዚያስ?» ስትል ቆየች። ከዚያ «ከዚያስ?» ማለቷን ተወች።

እሱ ግን መናገሩን አላቋረጠም።

ሞተች ወይ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ሞተች። እመት ፈትል ለምን አልደረሰችላትም ትሉኛላችሁ። የያዝኩት ተረት ነው፤ መድኃኒት አይደለም።

እመት ፈትል የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃዋን እንደያዘች ደረሰች። የጤዛን ሥር ዳሰሰች። አወቀች።

ዝግባው አፈረ።

«እመት ፈትል፣ የመጣሽው ለወንፈል ከሆነ እኔ ከወንፈል የቀረሁ ነኝ። ደንቡን አውቃለሁ። ማንም አይጠራኝም፤ እኔም ለወንፈል አልጠራሁሽም።»

«ወንፈል ነው ጥሪ ያለው» አለች። «ልቅሶ ጥሪ የለውም።»

ብቻዋን አልነበረችም። አያ ፍልፈል ከአፈር ብቅ አለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ምን እንደሚባል አላወቀም። «በሸለቆው በኩል አፈሩ ዘንድሮ ጠንክሯል» አለ። ትንሽ ቆይቶ «በጣም ጠንክሯል» ብሎ ደገመ። አባ ወይራ ከቆመበት መነሳት አይችልም፤ «እግዜር ያጽናህ» አለ፣ ጥቂት ቅጠል አራገፈ። እመት ጉሬዛ ድሮም ጥቁር ለብሳ የተወለደች ናት፤ ጅራቷን ወደ ታች ለቃ ያን ቀን ምንም ሳትቀምስ ዋለች።

ማንም ማንንም አልወቀሰም።

ከዚያ እመት ፈትል አለች፦

«ልውሰዳት።»

«ወዴት?»

«አንድ ቦታ አይደለም። አንዷን ቅጠሏን ለብሳናው ልጅ። ግንዷን ለአባ ወይራ ልጅ። ሥሯን እዚሁ አንተ ዘንድ።»

ዝግባው የቀጠነ ክሯን በሥሩ ዳሰሰ።

«ይከብድሻል» አላት። «ከስተሻል።»

«ቀላል ናት» አለች እመት ፈትል። «ግን ስንቅ የለኝም።»

ያን ጊዜ ዝግባው ያለውን ማር ሁሉ አወረደ። ለግንዱ አላስቀረም፣ ለቅጠሉ አላስቀረም። ማሩ በሥሩ ወርዶ የተበጠሰውን ክር ነካው፤ ክሩ ነጣ፣ ተቀጠለ። የተሰደዱት ዝምተኞች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እመት ፈትል ጤዛን ተሸክማ፣ ቀስ ብላ፣ ከሥር ወደ ሥር ሄደች።

ዝግባውም በጤዛ ራስ ላይ የነበረውን ቅርንጫፉን ጣለው። በገዛ ራሱ ጣለው። በቀን አንዴ መዳፍ የምታህል ብርሃን በባዶው ቦታ ላይ ታርፍ ጀመር።

አራተኛው ክረምት ገባ። አያ ነፋሶ መጣ። ጀርባው እንደ ድሮው ከብዷል።

«አያ ዝግባ፣ ስጦታ አምጥቼልሃለሁ።»

«ሸክም ነው» አለ ዝግባው። «እኔ ዛፍ ነኝ፤ ከዝናብ ሸሽቼ የትም አልሄድም። መጣል ግድ ከሆነብህ ጣለው። ስጦታ ግን አትበለው።»

አያ ነፋሶ አንገቱን ደፋ።

«እኔስ ወድጄ መሰለህ?» አለ። «የሚጭኑኝ ከወንዙ ማዶ ናቸው።»

«እንግዲያው ስትመለስ ንገራቸው። ከታች ማን እንዳለ አያውቁም ይሆናል።»

ነገራቸው አልነገራቸው አላውቅም። አፈሩም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዛሬም ትንሽ ይኮመጥጣል። ዝግባው ግን የወንፈሉ ቀን ሲደርስ ሳይጠራ ማሩን ያወርዳል። ለማን እንደሚወርድ አይጠይቅም።

ከክረምቱ ማግስት አንድ ጠዋት የአባ ወይራ ልጅ አዲስ ቅጠል አወጣ። በቅጠሉ ላይ አንድ ጠብታ ነበረች። በጠብታዋ ውስጥ ደኑ ሁሉ ይታያል፣ ተዘቅዝቆ። ዝግባውም ይታያል።

ዝግባው ዝቅ ብሎ አየ። ፀሐይ እስክትወስዳት ድረስ ቅጠሉን ሳያነቃንቅ አየ።

ከሰማይ የወረደ ያወፍራል፤ ልጅ የሚያሳድግ ግን ከጎረቤት የመጣ ነው። ጥጋብ የጎረቤትን ደጅ ያስረሳል፤ ጥም ሲመጣ መንገዱ ሳር በቅሎበት ይገኛል።

ተረቴን ለአፈሩ መልሱልኝ፤ አፌን በጤዛ አብሱልኝ።